የደም ግፊት መድኃኒት በርካሽ አቻው ሲለወጥ፤ በወረታና በፎገራ ሜዳ እንደሚታየው

ደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚውጠው ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ የዋጋው ነገር እንደ ወባ መድኃኒት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚረሳ አይደለም፤ በየወሩ እየተመለሰ ከቀለቡ፣ ከልጆቹ ደብተርና ከዘይቱ ጋር ይሻማል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይኸው ሽሚያ ያመጣውን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ሕመምተኛው የለመደውን ክኒን ትቶ፣ በዋጋ ዝቅ ያለውንና ባለሙያው «ያው ነው» የሚለውን ሌላ ክኒን ቢወስድ በእርግጥ ያው ነውን? ያው ካልሆነስ ልዩነቱ ከምኑ ላይ ነው?

ጥያቄውን ያነሣሁት ከአገሬ ከወረታ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው ከእርስዋ ነው። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች የሚጠጣ ሲሆን፣ ክረምት በገባ ጊዜ ወንዞቹ ዳርቻቸውን እየጣሱ ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ያን ጊዜ ወደ ሐይቁ የተጠጉት ቀበሌዎች ሕዝብ ወደ ከተማ የሚወጣው በብዙ ድካም ነው። አገሩ ቀድሞ የሚታወቀው በፎገራ ከብት ነበር፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን ሩዝ ገብቶ ስለ ተስፋፋበት ዛሬ ስሙ የሚነሣው በሩዝ ነው። ሩዙን የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም፤ ወደ ፊት ለማስረዳት ለምፈልገው ነገር ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያኽሉ ደም ግፊታቸው ከልክ ያለፈ መሆኑን አሳይቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። በአገራችን የሐኪሙን ምክር ተቀብሎ መድኃኒት የጀመረው ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ በክኒን መለወጥ ምክንያት ሲያቋርጥ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ወረታ ውስጥ መድኃኒቱ የሚገኝበት መንገድ ሦስት ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ጤና ጣቢያው ነው። ሁለተኛው የግል መድኃኒት ቤት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዘመድ ነው፤ ይኸውም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው እንዲያመጣ ይላካል፣ ውጭ አገር ልጅ ያለውም ልጁ ይልክለታል። መንገዶቹ ሦስት እንደ መሆናቸው የክኒኑም መልክ ሦስትና ከዚያ በላይ ነው። አንዱ ነጭና ክብ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ ሌላው ሞላላ ይሆናል። ሰው መድኃኒቱን የሚያውቀው ደግሞ በስሙ ሳይሆን በመልኩ ነው፤ «የጠዋቷ ነጯ»፣ «ያቺ ቀያይዋ» ይባላል እንጂ ኤናላፕሪል ወይም አምሎዲፒን የሚል እምብዛም የለም።

በዕረፍት ጊዜ ለዚህ ጽሑፍ ስል ከጠየቅኋቸው ሰዎች መካከል የሁለቱን ነገር ብቻ እጠቅሳለሁ። አንዲት የሠፈራችን እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የሚልክላቸው አምሎዲፒን አለቀባቸውና ከጤና ጣቢያ በዚያው ስም፣ በዚያው መጠን ሌላ ተሰጣቸው። ክኒኑን ከሙዳይ ውስጥ አስቀምጠው የልጃቸውን ይጠብቁ ነበር። «እማማ፣ ያው እኮ ነው» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ያውማ ቢሆን መልኩ ያው ይሆን ነበር፤ ይኸ ለድኻ የሚሰጠው ነው» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸውን ክፉኛ አሟቸው ሲለኩ ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለተኛው ገበሬ ናቸው፤ ከግል መድኃኒት ቤት በንግድ ስሙ የገዙትን ኤናላፕሪል ጠዋት ይውጣሉ፣ ከጤና ጣቢያ በወል ስሙ የተሰጣቸውን ኤናላፕሪል ደግሞ «የተጨመረልኝ ሁለተኛ መድኃኒት ነው» ብለው ከዚያው ላይ ይደርባሉ። ሩዝ ሲያርሙ ጎንበስ ብለው ቀና ባሉ ቁጥር ዓይናቸው ይጨልም ነበር። የመጀመሪያይቱ አቻውን እንደ ባዕድ ቈጠሩት፣ ሁለተኛው ደግሞ አንዱን መድኃኒት ሁለት አደረጉት፤ የሁለቱም ስሕተት ሥሩ አንድ ነው፤ ክኒኑን ከስሙ ለይቶ አለማወቅ ነው።

እንግዲህ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ማንኛውም መድኃኒት ቢያንስ ሁለት ስም አለው። አንዱ በዓለም ሁሉ አንድ የሆነው የወል ስሙ ሲሆን፣ ይህ ስም በሰውነት ውስጥ ሥራውን የሚሠራውን ንጥረ ነገር ያመለክታል። ሁለተኛው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። አምሎዲፒንን መጀመሪያ ያወጣው ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን የንግድ ስሙን ኖርቫስክ ብሎታል፤ ኤናላፕሪልም የመርክ ኩባንያ ሥራ ነው። ፈልሳፊው ኩባንያ መድኃኒቱን ለተወሰነ ዘመን ብቻውን እንዲሸጥ ሕግ ይፈቅድለታል። በአሜሪካ ይህ መብት ለኤናላፕሪል እ.ኤ.አ. በ2000፣ ለአምሎዲፒን በ2007፣ ለሎሳርታን በ2010 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ሌላው ፋብሪካ ሁሉ በወል ስሙ ወይም በራሱ የንግድ ስም ሊሠራው ይችላል። እንዲህ ያለውን መድኃኒት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አቻ» እለዋለሁ።

ርካሽ የመሆኑ ምክንያት ብዙዎች እንደሚጠረጥሩት ንጥረ ነገሩ ስለ ተቀነሰ አይደለም። ፈልሳፊው ኩባንያ በሺህ የሚቈጠሩ ሕመምተኞች ላይ ለዓመታት ፈትኖ መድኃኒቱ እንደሚሠራ አስመስክሯል፤ ለዚህም ያወጣውን ገንዘብ፣ ከስረው ለቀሩትም ሙከራዎቹ ያወጣውን ጭምር፣ ከገዢው ይሰበስባል። አቻውን የሚሠራው ፋብሪካ ግን ይህን ሁሉ እንደ ገና እንዲደግም አይጠየቅም፤ የእርሱ ክኒን ከፊተኛው ጋር እኩል መሆኑን ብቻ ያሳያል። ከዚያም ሠሪዎቹ ሲበዙ እርስ በርሳቸው በዋጋ ይወዳደራሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ስሌት መሠረት አቻ ሠሪው አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋው ከመቶ 39 ይቀንሳል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ቅናሹ ከመቶ 95 ያልፋል። በዚያው አገር ከሐኪም ማዘዣዎች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞሉት በአቻ መድኃኒት ነው፤ ከእነዚህም ብዙው የሚመጣው ከህንድ ነው። ስለዚህ የሠፈራችን እናት «የአሜሪካ መድኃኒት» ብለው የሚጠብቁት ክኒን ራሱ አቻ የመሆኑ ዕድል እጅግ የሰፋ ነው። በእኛ መድኃኒት ቤቶችም እንዲሁ ነው። ሰው «የህንድ ነው» ብሎ ትቶ «የቆጵሮስ ነው» ብሎ በውድ ሲገዛ፣ ብዙ ጊዜ ከአንዱ አቻ ወደ ሌላው አቻ መዞሩ ነው እንጂ ከአቻ ወደ ፊተኛው መሄዱ አይደለም።

አሁን ወደ ሩዙ እንመለስ። በፎገራ በሰፊው የሚዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ነው። ዘሩ አንድ ነው፤ ገበሬው ከማንም ነጋዴ ከረጢት ውስጥ ቢያገኘው ያውቀዋል። ነገር ግን ያው ሩዝ በአንዱ ወፍጮ ቤት ሲፈተግ ሙሉ ፍሬ ሆኖ ይወጣል፣ በሌላው ይሰባበራል። ስለዚህ «ዘሩ አንድ ነው» ማለት «ሩዙ አንድ ነው» ለማለት አይበቃም፤ ፈታጊውም ይጠየቃል። ክኒንም እንደዚሁ ነው። በአንድ አምሎዲፒን ክኒን ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር 5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው መሙያ፣ ማጣበቂያ፣ ማፍረሻና ቀለም ነው። ዋናው ንጥረ ነገር በዓለም ሁሉ አንድ ሲሆን፣ የቀረው ግን እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ክኒኑ ከልክ በላይ ከጠነከረ በሆድ ውስጥ ሳይፈርስ ሊያልፍ ይችላል። ቀለሙና ቅርጹ የሚለያየውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም።

ፈታጊው የሚጠየቅበት ፈተና እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 የሚሆኑ ጤናማ ፈቃደኞች ተመርጠው ግማሾቹ ፊተኛውን፣ ግማሾቹ አቻውን ይውጣሉ። በየሰዓቱ ደማቸው እየተቀዳ በውስጡ ያለው የመድኃኒት መጠን ይለካል። መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ተጠርጎ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ቆይተው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ፊተኛውን የወሰደው አቻውን፣ አቻውን የወሰደው ፊተኛውን ይውጣል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሰው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው። ከልኬቱ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። አንደኛው በጠቅላላው ምን ያኽል መድኃኒት ደም ውስጥ እንደ ገባ፣ ሁለተኛው ከፍተኛው ጫፍ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ነው። ሁለቱም ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸሩ ከመቶ 80 እስከ 125 ባለው ክልል ውስጥ መዋል አለባቸው።

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው፣ ከባለሙያዎችም አንዳንዱን ጭምር፣ ያሳስታል። «እንግዲያው አቻው ከመቶ 20 ሊያንስ ከመቶ 25 ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው፤ እንዴት እኩል ይባላል?» ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከክልሉ ውስጥ መዋል ያለበት የተገኘው አማካይ ብቻ ሳይሆን በአማካዩ ግራና ቀኝ ያለው የጥርጣሬ ስፋት ሁሉ ነው። አማካዩ ከመቶ 85 ቢሆን የጥርጣሬው ግራ ጫፍ በአብዛኛው ከ80 በታች ስለሚወርድ ክኒኑ ይወድቃል። ለማለፍ አማካዩ ወደ 100 የተጠጋ መሆን አለበት። ለዚህም ማስረጃ አለ፤ የአሜሪካው አስተዳደር በ12 ዓመታት ውስጥ የተቀበላቸው 2070 ጥናቶች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታዩ፣ በአቻውና በፊተኛው መካከል የነበረው አማካይ ልዩነት በጠቅላላው መጠን ከመቶ 3.56፣ በጫፉ ከመቶ 4.35 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። (የላዩ ወሰን 120 ሳይሆን 125 የሆነበትን ምክንያት የሒሳብ ተማሪዎች ወዲያው ያገኙታል፤ 1 ለ0.8 ሲካፈል 1.25 ነው።)

ለደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ይህ ትንሽ ልዩነት ከሌላው ይልቅ ያነሰ ትርጕም አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 354 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ በተለመደው ሙሉ መጠን የላይኛው ግፊት በአማካይ በ9.1 ሲወርድ በግማሹ መጠን በ7.1 እንደሚወርድ አሳይቷል። መጠኑ በግማሽ ተቀንሶ ሥራው የተቀነሰው በአምስት አንድ ያኽል ብቻ ነው! መጠኑ በግማሽ ሲቀነስ ይህን ያኽል ብቻ ከተለወጠ፣ በመቶ አራት ልዩነት የሚያመጣውን በመለኪያው ላይ ለማየት አይቻልም፤ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲቆም የሚለወጠው ከዚያ ይበልጣል። ይህ አነጋገር ግን ለመድኃኒት ሁሉ አይሠራም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን በመጥቀምና በመጉዳት መካከል ያለው ርቀታቸው ጠባብ ስለ ሆነ፣ እነርሱን መለወጥ የሐኪም ክትትል ይፈልጋል።

በሕመምተኛ ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው ማጠቃለያ የልብና የደም ሥር መድኃኒቶችን አቻና ፊተኛ ያነጻጸሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ሥርዓት ባለው ዕጣ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በቤታ ማገጃዎች 7ቱም፣ በሽንት አስወራጆች ከ11 ሙከራዎች 10ሩ፣ በካልሲየም ማገጃዎች ከ7ቱ 5ቱ እኩልነትን አሳይተዋል። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዘመን በመጽሔቶች ላይ ከወጡት አስተያየቶች ከግማሽ የሚበልጡት አቻን የሚቃወሙ ነበሩ።

ተቃራኒውን ድምፅ መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ኩቤክ የተደረገ ጥናት የሎሳርታን፣ የቫልሳርታንና የካንዴሳርታን አቻዎች ገበያ በወጡበት ወር፣ አቻውን በሚወስዱት ሽማግሎች ዘንድ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ከመቶ 8 እስከ 14 ጨምሮ መገኘቱን ጽፏል። ይህ ጥናት ቀደም ሲል የተመዘገበ መረጃን የተመለከተ እንጂ በዕጣ የተከፋፈለ ሙከራ ስላልሆነ ምክንያቱን ለይቶ ሊናገር አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ጭማሪው በለውጡ ወር መታየቱ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ክኒኑ ቢደክም ኖሮ ጉዳቱ በየወሩ እየጨመረ በሄደ ነበር። የተለወጠበት ወር ደግሞ ሰው የሚደናገርበት ወር ነው።

ስለ መደናገሩ የተለየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ይህ ጥናት የልብ ድካም ደርሶባቸው ከሐኪም ቤት የወጡ አሜሪካውያንን ተከታትሎ፣ የክኒኑ ቀለም ሲለወጥ መድኃኒቱን የማቋረጥ ዕድል ከመቶ 34፣ ቅርጹ ሲለወጥ ከመቶ 66 እንደሚጨምር አሳይቷል። መለያውን ማንበብ የሚችሉ፣ ስልክ ደውለው መድኃኒት ቀማሚውን መጠየቅ የሚችሉ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ የእኛ እናት ክኒኑን በሙዳይ ቢያኖሩት ምን ይፈረድባቸዋል? ለኔ እንደሚታየኝ የአቻ መድኃኒት ትልቁ አደጋ በቤተ ሙከራ የሚለካው አይደለም፤ ሳይነገረው ክኒኑ የተለወጠበት ሰው በቤቱ የሚያደርገው ነው።

ከዚህ ላይ «ያው ነው» የማይባለውን መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ የአንዱ ሲያልቅ በሌላው መተካት የተለመደ ስለ ሆነ ነው። ኤናላፕሪል አልቆ ሊሲኖፕሪል ቢሰጥ፣ ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ቢሆኑም መድኃኒታቸው ሌላ ነው፤ መጠናቸውም አንድ አይደለም፤ ይህን መለወጥ የሐኪም ሥራ ነው። ኒፌዲፒን በዝግታ የሚለቅቀውና ወዲያው የሚለቅቀው በስም አንድ፣ በሥራ ግን ሁለት ናቸው። ወዲያው የሚለቅቀው ግፊትን በድንገት ስለሚጥል ለዘወትር ሕክምና አይመከርም፤ በዝግታ የሚለቅቀውንም ክኒን ሰባብሮ ወይም ፈጭቶ መዋጥ ያንኑ አደጋ ያመጣል። ሜቶፕሮሎልም እንደዚሁ ነው፤ ታርትሬት የሚል ተጨማሪ ስም ያለበት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰክሲኔት የሚለው ደግሞ አንድ ጊዜ ይወሰዳል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የኬሚስትሪ መምህራችን «የጨውን ስም ግማሹን ብቻ የሚያነብ ጨውን አያውቀውም» ይሉን ነበር፤ የተናገሩት ስለ ገበታ ጨው ቢሆንም ለዚህም ይሆናል። አምሎዲፒን ግን በቤሲሌትም ሆነ በማሌት መልክ ቢመጣ የተጻፈው መጠን እስከ ተመሳሰለ ድረስ ችግር የለውም።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር ጥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ገመተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚሸጠው መድኃኒት ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ይህ ግን የአቻ መድኃኒት ኃጢአት አይደለም፤ ሐሰተኛ ሠሪ የታወቀ የንግድ ስምም ይኮርጃል። የታወቁትም ቢሆኑ ከነቀፋ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ጄጂያንግ ሁዋሃይ የተባለው ፋብሪካ በሚሠራው የቫልሳርታን ንጥረ ነገር ውስጥ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገር ተገኝቶ በብዙ አገሮች አቻዎቹ ከገበያ ተሰበሰቡ፤ በ2022 ደግሞ ፋይዘር ራሱ በፈልሳፊው የንግድ ስም ይሸጠው የነበረውን አኩፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት በተመሳሳይ ምክንያት ሰበሰበ። በአገራችን መድኃኒትን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ከተመዘገበ መድኃኒት ቤት፣ ማሸጊያው ሳይከፈት፣ ቀኑ ሳያልፍ የተገዛ ርካሽ አቻ፣ ከጉልት ላይ ከተገዛ ባለ ትልቅ ስም ክኒን የበለጠ ሊታመን ይገባዋል።

በፎገራ አንድ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም እርጥበት ነው። ኤናላፕሪል ማሌት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ኒፌዲፒን ደግሞ ብርሃን ይጎዳዋል። ክረምት ሜዳው ውኃ ለብሶ ሳለ፣ ከማሸጊያው ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ከምድጃው በላይ ከግድግዳ የተሰካ ክኒን ከሁለት ወር በኋላ ምን ያኽል ኃይል እንደሚቀረው መገመት አያዳግትም። ብዙ ሰዎች «አዲሱ አልሠራልኝም» ሲሉ፣ የፋብሪካው ጥፋት ነው ከማለት በፊት ክኒኑ የት እንደ ኖረ መጠየቅ ደግ ነው። ክዳኑ የሚገጥም ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከነማሸጊያው ማስቀመጥ ወጪ የለውም።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልጨምር። ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር፤ ከአማራ ክልል ከእርሱ ጋር የተመረጡት ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ናቸው። አባል የሆነ ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ በጤና ጣቢያ ሲታከም ለመድኃኒቱ አይከፍልም። ይህ ለደም ግፊት ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ባለቀ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የመድን ደብተር የያዘው ሰው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ክኒንም ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነት መንገድ በዘጋ ቁጥርም ጭነት ይዘገያል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ክኒን የሚለወጠው ሕመምተኛው ወይም ሐኪሙ መርጦ ሳይሆን የመጣው እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው። አቻ ባይኖር ኖሮ ምርጫው በርካሽና በውድ መካከል ሳይሆን በውድና በባዶ እጅ መካከል ይሆን ነበር። ባዶ እጁን የቀረውም ወደ ነጭ ሽንኩርትና ወደ ሽፈራው ቅጠል ይዞራል። ለምግብነታቸው የምቃወመው ነገር የለኝም፤ የክኒንን ቦታ ግን አይሸፍኑም።

ለውጡ እንዴት ይደረግ ለሚለው፣ የጠየቅኋቸው ባለሙያዎች የሚስማሙበት ነገር ቀላል ነው። በለውጡ ቀን ግፊት ይለካል፣ ቁጥሩም በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ ከዕረፍት በኋላ እንደ ገና ይለካል። አንድ ልኬት ብቻ አይበቃም፤ ሰው ዳገት ወጥቶ ወይም ተቈጥቶ ሲመጣ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ቡና የጠጣም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ አቻው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ክርክሩም አለቀ ማለት ነው። ከተለወጠ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው በትክክል ተውጧል ወይ ነው፤ ቀጥሎ የት ተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ ነው የክኒኑ ነገር የሚመረመረው። የቀድሞው ክኒን ቤት ውስጥ ተርፎ ከሆነ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጀመር፤ ሁለቱ በአንድነት አይዋጡም። አዲሱን በመጠራጠር ፕሮፕራኖሎልን ወይም አቴኖሎልን በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ ልብ የሚያማቸውን ሰዎች ለብርቱ ሕመም ሊዳርግ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ሕመምተኛው የመድኃኒቱን የወል ስም ካወቀ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የንግድ ስሙ በትልቁ፣ የወል ስሙ በታችኛው መስመር በትንሹ ይጻፋል፤ አንዳንዴ ከዓይን የሚሰወር ነው። በወረታ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የምታደርገውን አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ በቁራጭ ወረቀት ላይ «አምሎዲፒን 5፣ ጠዋት አንድ ፍሬ» ብላ በአማርኛ ትጽፍና፣ «አያ፣ የክኒኑ መልክ ቢለወጥ ይህን ወረቀት ያሳዩ፤ ስሙ ካልተለወጠ መድኃኒቱ አልተለወጠም» ትላለች። ማንበብ ለማይችሉትም የልጅ ልጃቸውን ጠርታ ስሙን ሦስት ጊዜ ታስብለዋለች። ወረቀቱን አንዳንዶች ከመድን ደብተራቸው ሽፋን ውስጥ ያኖሩታል፤ አንድ ሽማግሌም ከአንገታቸው ማኅተብ ጋር በትንሽ ቆዳ ሰፍተው አሳይተውኛል። በፋርማሲ ክፍል የምትማሩ ጓደኞቼ፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የደም ግፊት ሕመምተኞች የመድኃኒታቸውን የወል ስም ምን ያኽል እንደሚያውቁት በየመድኃኒት ቤቱ ጠይቃችሁ ብትጽፉ፣ ከወረታው ጋር ለማነጻጸር ይቻል ነበር።